ጥሩ የበረሃ ጉዞ በምን ይታወቃል? ከአዳማ እስከ ለጋ ኦዳ

ከአዳማ ተነስቶ በወለንጪቲ፣ በመተሐራና በአዋሽ ሰባት አልፎ ድሬዳዋ የሚገባው መንገድ ሁለት ትልልቅ ነገሮችን በአንድ ጉዞ ያሳያል። መንገድ ላይ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ሳላ፣ አምባራይሌ፣ የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮና ጅብ ይኖሩበታል። መዳረሻው ላይ ደግሞ በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉት ተራሮች የጥንት ከብት አርቢዎች በዓለት ላይ የሣሏቸው ላሞች አሉ። ሁለቱን አጣምሮ በበረሃ የሚያስጎበኝ ሰው ሥራው ከባድ ነው። ጥሩውን ከደካማው መለየት ለተጓዡም ለሙያውም ይጠቅማል።

ብዙ ሰው ጉዞውን የሚመዝነው በታየው እንስሳ ብዛት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሳላው የዚያን ዕለት ከኮረብታው ማዶ ከዋለ አስጎብኚው ምን ያደርጋል? የእሱ ሙያ የሚለካው በሌላ ነገር ነው፦ ያየውን፣ የገመተውንና የሰማውን ለይቶ ይናገራል ወይ? ዱካ ሲከተልም ሆነ ሥዕል ሲያሳይ ይህን ለይቶ የሚናገር ሰው በቀረውም ነገር ሲያሳፍር አላየሁም።

ሙያው ገና አዳማ ላይ ይታወቃል። «ጠዋት ሁለት ሰዓት እንነሳለን» ያለ አስጎብኚ የዚያን ቀን እንስሳ እንዳናይ ወስኖልናል። እስከ ፓርኩ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባው ፈጣን መንገድ አዳማ ላይ ካበቃ በኋላ የጂቡቲ ከባድ መኪናዎች በሞሉበት አስፋልት ነው የሚኬደው። ሲደርሱ አራት ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ሜዳው መጋል ጀምሯል፤ አምባራይሌም ጥሻዋ ውስጥ ገብታለች። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከዋዜማው ወስዶ መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት ያሳድራል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፓርኩ ውስጥ መገኘት ነው ቁም ነገሩ። ወቅቱንም ሳይጠየቅ ይናገራል፦ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ሣሩ ስለሚረዝም እንስሳው እንደሚሸሸግ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሣሩ ደርቆ ሜዳው እንደሚገለጥ፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪ ሊያልፍ እንደሚችል።

ስለ ፈንታሌም ማንሳት አለበት። 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ እሳተ ገሞራ ከፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል ጉልህ ሆኖ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት ዘልቆ ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቅሏል፤ መንገድም ሰንጥቋል። የበረሃው መንገድ በሰላምም በኩል ቢሆን ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ጥሩ አስጎብኚ ከመነሳቱ በፊት በዚያ መስመር ትናንት ያለፈ ሾፌር ይጠይቃል፣ መተሐራ ላለ ሰው ይደውላል፤ መልሱ ካላማረው ገንዘብ ከስሮ ጉዞውን ያስተላልፋል። ስለ መኪናው ብዙ አልናገርም። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከሚገመተው በላይ ውሃ፣ የሚሠራ ክሪክ ካለው ይበቃል።

ፓርኩ በር ላይ ቆም ብለው ይመልከቱ። የመግቢያው ክፍያ በደረሰኝ ነው የሚፈጸመው፤ ጠመንጃ የያዘ ስካውትም አብሮ ይወጣል። አስጎብኚው ስካውቱን እንዴት እንደሚይዘው ማየት ብዙ ያስተምራል። ከኋላ ወንበር አስቀምጦ የሚረሳው ሰው የጉዞውን ግማሽ ዕውቀት ጣለው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስካውቱ ያደገው በዚያው አካባቢ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የጠፋ ግመል በኮቴው ሲፈልግ ኖሯል። ጥሩ አስጎብኚ ከፊት ያስቀምጠዋል፣ በኦሮምኛ ወይም በአፋርኛ ያነጋግረዋል፣ የሚለውንም አሳጥሮ ሳይሆን ሙሉውን ይተረጉምልናል።

ወደ ዱካው እንምጣ። ከአውራ ጎዳናው በስተደቡብ ያለው ሜዳ ኢላላ ሳላ ይባላል፤ ሳላ በብዛት የሚታየውም እዚያ ነው። ነገር ግን ሜዳው የሳላ ብቻ አይደለም። የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብቶች፣ ፍየሎችና ግመሎችም ይረግጡታል። የዱካ አንባቢው የመጀመሪያ ፈተና እንግዲህ የዱርን ኮቴ ከቤት እንስሳ ኮቴ መለየት ነው። የከብት ኮቴ ሰፋ፣ ክብ ክብ ያለ ነው፤ ጫፉም የደነዘ ነው። የሳላ ኮቴ ፊቱ ሹል፣ ኋላው ሰፊ ነው፤ የፊት እግሯ አሻራም ከኋላው ይበልጣል። የግመል ለማንም ግልጽ ነው፤ ሰኮና የሌለው ሰፊ መዳፍ ነው። የሜዳ ፍየልን ከቤት ፍየል መለየት ግን ለባለሙያም ያስቸግራል። ይህን ሲያይ «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ፋንድያውን እንፈልግ» የሚል ሰው ካገኙ ጥሩ እጅ ላይ ነዎት።

አንድ ዱካ ላይ የሚያደርገውን በቅርብ ይዩት። ከማጎንበሱ በፊት ፀሐይዋን ይፈልጋል። ዱካውን በራሱና በፀሐይዋ መካከል ያደርገዋል፤ የጠዋት ብርሃን በአግድም ሲመጣ የኮቴው ጠርዝ ጥላ ስለሚጥል ከላይ ሆኖ የማይታየው ሁሉ ይወጣል። ቀጥሎ ጠርዙን ያያል፦ አፈሩ ሹል እንደሆነ ነው ወይስ ነፋስ አለስልሶታል? ከዚያ ትናንሽ ነገሮችን ይመረምራል። ሌሊት የሚሄዱ ጥንዚዛዎች አሸዋው ላይ ቀጭን መስመር ይተዋሉ። መስመሩ በኮቴው ውስጥ አልፎ ከሄደ ኮቴው የቀደመ ነው፤ እንስሳዋ እንደመሸ ወይም ከዚያ በፊት አልፋለች። ኮቴው መስመሩን ከቆረጠው ደግሞ እሷ ናት የኋለኛዋ፤ ምናልባት ንጋት ላይ ነው ያለፈችው። ይህን ሁሉ ሳያይ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት «ከአንድ ሰዓት በፊት ያለፈች ናት» የሚል ሰው እየቀባጠረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሳይሰለቹ ይጠይቁት፦ «በምን አወቅህ?» ጥሩ ዱካ አንባቢ ይህን ጥያቄ ይወደዋል። «የሳላ ነው» ያለው ያየው ነው፤ ጫፉን በእንጨት እያመለከተ ያሳየናል። «ንጋት ላይ አልፋለች» ያለው የገመተው ነው፤ የጥንዚዛውን መስመር ያሳየናል። «ወደ አዋሽ ወንዝ ሳትወርድ አትቀርም» ያለው ግን ከአካባቢው ሰው የሰማው ወይም በልምድ የሚጠረጥረው ነው፤ ያንንም በዚያው ልክ ይነግረናል። ደካማው ሦስቱንም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ እርግጠኝነት ይናገራል። ጥያቄው ሲደጋገምበትም ይቆጣል።

ሳላን ብቻ ማሳደድ ከቀረው ነገር ያሳጣል። የእንሹ ጥንዶች እዳሪያቸውን ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ይከምራሉ፤ ክምሩ የግዛታቸው ምልክት ነው። ከርከሮ ተንበርክኮ ስለሚግጥ የጉልበቱ አሻራ ይቀራል። ጅብ አጥንት ስለሚበላ እዳሪው ሲደርቅ ነጭ ይሆናል፤ በዱካው ላይ ጥፍሩ ይታያል፣ የነብር ግን ጥፍሩን ስለሚሰበስብ አይታይም። በአዋሽ ፏፏቴ አካባቢ ደግሞ ዓለም የሚያውቀው ነገር አለ፦ ከወንዙ በላይ በኩል ያለው የሣር ሜዳ ዝንጀሮና በታች በገደሉ ያለው ባለ ግራጫ ጎፈር የበረሃ ዝንጀሮ እዚህ ተገናኝተው ይዳቀላሉ። ተመራማሪዎች ይህን ድብልቅ መንጋ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኑት ቆይተዋል። ፏፏቴው ጋ ደርሶ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ አስጎብኚ አጠገቡ ያለውን ይህን ጉድ ሳያሳየን ቀረ ማለት ነው። አንዱን ወንድ ጎፈሩን፣ የፊቱን ቀለምና አረማመዱን እያነጻጸረ «ይኼኛው መሐል ሰፋሪ ነው» የሚል ሰው ግን ዋጋው አይተመንም።

እንስሳው ሲገኝስ? ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚበላሹት። ሳላ መኪና ስታይ መጀመሪያ አንገቷን አቅንታ ፊት ለፊት ታያለች፤ ያ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያዋ ነው። ሾፌሩ ያኔ ሞተሩን አጥፍቶ መቆም አለበት። ፊቷን ካዞረች፣ መንጋውም አብሮ መንቀሳቀስ ከጀመረ ቀርበናል ማለት ነው፤ ከመንገድ ወጥቶ መከተል ነውርም ክልክልም ነው። ብቻዋን የቆመች እናት ካጋጠመች ግልገሏን ሣር ውስጥ ደብቃ ሊሆን ይችላል፤ ሳላ ግልገሏን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትሸሽጋለች። አዋቂ አስጎብኚ ያንን ቦታ አልፎ ይሄዳል፤ ተጓዡ ቢለምነውም አይፈልግላትም። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሳላን ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል፤ ለአንድ ፎቶ የምትሮጠው ሩጫ በዚያ ሙቀት ቀላል ወጪ አይደለም።

ጥሩ ጉዞ ስለ መሬቱ ባለቤቶችም በቀጥታ ይናገራል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በአዋጅ የጸናው በ1961 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ተዘረጋ። ሁለቱም ያረፉት ከረዩዎች ከብቶቻቸውን በሚያሰማሩበት፣ በድርቅም ወደ ወንዙ በሚወርዱበት መሬት ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው እረኞቹን ፓርኩ ውስጥ ሲያይ «ወራሪዎች» አይላቸውም፤ የግጦሹ ጫና ለሳላው አደጋ መሆኑንም አይደብቅም። ሁለቱ እውነቶች አብረው ሲነገሩ ነው ነገሩ የሚገባን። አንድ ሽማግሌ ጋ ሲደርስ «ኦቦ» ብሎ ቀርቦ ሰላምታ ይጨርሳል፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፤ ካሜራ የሚነሳው ከዚያ በኋላ፣ ከተፈቀደ ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ የሚያሻግረን በሰቃ ሐይቅ ነው። መተሐራ አጠገብ ያለው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ40 በላይ ሆኗል፤ የሸንኮራውን እርሻና አውራ ጎዳናውን ሲያስጨንቅ ቆይቷል። አስጎብኚዎች ይህንን ያወሳሉ። የማያወሱት ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አርኪዮሎጂስቱ ጄ. ዴዝሞንድ ክላርክና ባልደረቦቹ በዚህ ሐይቅ ዳር ሲቆፍሩ ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ የቤት ከብቶች አጥንት አግኝተዋል። ይህ አካባቢ ከብት ማርባት በጥንት ጊዜ መኖሩ ከተረጋገጠባቸው የአገራችን ቦታዎች አንዱ ነው። በሰቃ ዳር ቆሞ ይህን የነገረን ሰው፣ ሁለት ቀን ቆይተን የምናየውን ሥዕል አስቀድሞ አስነበበን ማለት ነው።

ምክንያቱም ድሬዳዋ ላይ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በዕድሜ ላይ ነው። ከከተማዋ አቅራቢያ የፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዮቹ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርደን አገኙት፤ በ1933 ተመራማሪው አንሪ ብረይ ሥዕሎቹን አጠና። ከዋሻው ወለል የወጣው ቀይ የማዕድን ቀለም ከ4,000 ቁራጭ በላይ፣ ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። ይህን የሰማ አስጎብኚ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀስሮ «ይህ ሥዕል 40,000 ዓመቱ ነው» ይላል። አይደለም። ያ የወለሉ ዕድሜ ነው፤ በግድግዳው ላይ የቀሩት የደበዘዙ ሥዕሎች ከዚያ በብዙ ያንሳሉ። ለጋ ኦዳ ላይም እንዲሁ ነው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ ያለው ይህ መጠለያ ወለሉ ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ከ15,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ሥዕሎቹ ላይ ያለው ግን በአመዛኙ ከብት ነው። በሰቃ ዳር የተገኘው አጥንት 3,500 ዓመት ከሆነ፣ በአካባቢው ያልነበረች ላም ከ15,000 ዓመት በፊት እንዴት ትሣላለች? ይህን ጥያቄ ራሱ አንስቶ ራሱ የሚመልስ አስጎብኚ ብርቅ ነው፤ ካገኙት አይልቀቁት።

ሥዕሉ ላይ ምን ማሳየት አለበት? መጀመሪያ ላሟን። አካሏ በጎን ተሥሏል፤ ቀንዷ ግን ከላይ ወይም ከፊት እንደሚታይ ሆኖ ተከፍቷል። ጡቷ ጎልቶ ወጥቷል። ሻኛ የላትም፤ ዛሬ ከረዩዎች የሚነዱት ከብት ግን ሻኛ አለው፤ ባለ ሻኛው ዝርያ ወደ አካባቢው የገባው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሻኛ የሌላት ላም ከባለ ሻኛው ሥዕል ትቀድማለች ብሎ መገመት ይቻላል፤ ግምት መሆኑን ከነገረን። ቀጥሎ ባለ ላት በጎችን፣ በጥቂት መስመር የቆሙ ሰዎችን ያሳያል። ከዚያ መደራረቡን፦ የትኛው ቀለም በየትኛው ላይ አለ? እንግዲህ ኢላላ ሳላ ላይ የጥንዚዛውን መስመርና የኮቴውን ቅደም ተከተል ያነበብንበት ዓይን እዚህ ያገለግላል። ከላይ ያለው የኋለኛው ነው። ማዕድን ቀለም ስለሆነ ዕድሜውን በቀጥታ መለካት አስቸጋሪ ነው፤ ይህ መደራረብ የቀረልን ዋና ማስረጃ ነው።

ስለ ትርጉሙ ሲመጣ ጥሩ አስጎብኚ ዝግ ይላል። «ለአደን መናፍስት የተሣለ ነው»፣ «የዝናብ ልመና ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ሣዮቹ ግን የተዉልን ጽሑፍ የለም። በአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎች የሚሉትን «እንዲህ ይላሉ» ብሎ መንገር ተገቢ ነው። የራሱን ስሜት «እኔ እንደሚመስለኝ» ብሎ ቢያክል ደስ ይለኛል፤ ስሜት የሌለው ሰው ዓለት ፊት ቆሞ አያስደስትም።

ከሁሉ በላይ ግን እጁን ይመልከቱ። ውሃ በዓለቱ ላይ የሚረጭ አስጎብኚ አለ፤ ቀለሙ ለጥቂት ደቂቃ ደምቆ ይታያል፣ ተጓዡም ይደሰታል። ውሃው ከዓለቱ ውስጥ ጨው እያወጣ በሥዕሉ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ቀለሙንም እየላጠ ይሄዳል። በጠመኔ ዳር ዳሩን መክበብም፣ በጣት እየዳበሱ ማሳየትም ያው ጥፋት ነው። የተሻለ መንገድ አለ። በጥላ መሸፈን፣ ቆም ብሎ ዓይን እስኪለምድ መጠበቅ፣ ፎቶ አንስቶ የደበዘዘ ቀለም በሚያጎላው ዲስትሬች በሚባለው ፕሮግራም በስልክ መመልከት። ዓይን ያጣቻቸው ቀንዶችና እግሮች ከስክሪኑ ሲወጡ የሚሰማው ደስታ ከውሃው ድምቀት በብዙ ይበልጣል፤ ዓለቱም ሳይነካ ይቀራል። ወደ ደቡብ ተጉዘው ዲላ አካባቢ በገደል ግድግዳ ላይ የተፈለፈሉትን ላሞች የሚያዩ ከሆነ ደግሞ የጠዋት ወይም የማታ አግድም ብርሃን ይምረጡ፤ ቅርጽ የሚታየው በጥላው ነው።

በእኔ ፍርድ በዚህ መስመር ላይ ያሉት ምርጥ ጉዞዎች በአንድ ሰው የሚመሩ አይደሉም። አስጎብኚው ሜዳውን ለከረዩው ዱካ አንባቢ፣ ዓለቱን ለድሬዳዋው የአካባቢ አስጎብኚ አሳልፎ ይሰጣል፤ እሱ ከአዳማ ጀምሮ ክሩን ይዞ ያያይዘዋል። የሁሉንም ድርሻ ደግሞ ከመነሳታችን በፊት ነግሮን በዋጋው ውስጥ ይከፍላል፤ ለዱካ አንባቢው የሚሰጠውን ለጉርሻችን አይተወውም። በዋጋ ርካሽ የሆነው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የቆጠበው ከእነዚህ ሰዎች ላይ ነው።

እንግዲህ ሲዋዋሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ዱካውን የሚያነበው ማን ነው? ዓለቱ ጋ ስንደርስስ የሚያስረዳን ማን ነው? ዓለቱ ፊት የውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ካዩ ደግሞ አይፈሩ፣ ያስቁሙ። ቅርስ ማበላሸት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚያስቀጣ ነው፤ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገርም የእያንዳንዱ ተጓዥ ድርሻ ነው።